ከአውራ ጣት የሚነሣው መንቀጥቀጥ



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ገጥማችሁ፣ ዛሬ ሙሉ ገጽ ለማንበብ የበቃችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በማክሰኝትና በዙሪያዋ፣ በደምቢያ፣ በበለሳ፣ በጎንደር ከተማም ያላችሁ ሁሉ፣ ይህ ንግግር ለእናንተ ነው። በሬዲዮ የተሰማው ቃል እነሆ በወረቀት ላይ ሰፍሯል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም ጮኽ ብላችሁ አንብቡለት።

የዛሬው ርእሳችን የሚጥል በሽታ ታሪክ ነው። የሚጥል በሽታ ብዙ ዓይነት አለው። ከብዙዎቹ አንዱን መርጠናል። ይኸ ዓይነት በሽታ የያዘው ሰው ወዲያው አይወድቅም። ራሱንም ላይስት ይችላል። ዓይኑ እያየ፣ ጆሮው እየሰማ፣ አንድ እጁ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ወይም የከንፈሩ አንድ ጥግ ይሳባል። ወይም የአንድ እግሩ አውራ ጣት ይርገበገባል።

ታዲያ ይህን ለምን መረጥን? ምክንያት አለን። የሚጥል በሽታ ከአንጎል እንደሚነሣ ዓለም በማስረጃ የተማረው ከዚህ ዓይነቱ ነው። ትልቁን ምሥጢር የገለጠችው ትንሿ አውራ ጣት ናት።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 8 ቀንሱ። ነገሩ የሆነው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ ደግሞ 7 ቀንሱ። ለምሳሌ ከ1954 ላይ 7 ስትቀንሱ ስንት ይመጣል? 1947 ይመጣል። ይህችን ዓመት ኋላ እንደገና እናገኛታለን።

1. የቀድሞ ሰዎች ምን አሉ?

ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክ አገር አንድ መጽሐፍ ተጻፈ። መጽሐፉ የሚታወቀው ሂፖክራተስ በሚባለው ሐኪም ስም ነው። በዚያ ዘመን ግሪኮች የሚጥል በሽታን «ቅዱስ በሽታ» ይሉት ነበር። አማልክት የሚልኩት ይመስላቸው ነበርና። መጽሐፉ ግን ይህ በሽታ ከሌሎች በሽታዎች የተለየ ቅድስና የለውም፤ መነሻውም አንጎል ነው ይላል። እውነቱን ነበር። ነገር ግን ማስረጃ አልነበረውም። ማስረጃው እስኪገኝ ድረስ ከ2000 ዓመት በላይ ፈጀ።

በእኛም አገር የቀድሞ ሰዎች ስለዚህ በሽታ ብዙ አስበዋል። ጸሎት በብራና ላይ ይጻፍ ነበር። ብራናው ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና በሕመምተኛው አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር። ክታብ የምንለው ይህ ነው። በብዙ ክታቦች ላይ ባርያና ሌጌዎን የሚባሉ የክፉ መናፍስት ስሞች ተጽፈው ይገኛሉ። ሰዉ የሚጥል በሽታን የሚያመጡት እነዚህ ናቸው ብሎ ያምን ነበር።

ይህን የምንናገረው በአባቶቻችን ለመሳቅ አይደለም። ደህና የነበረ ሰው ድንገት ሲወድቅ ያየ ሁሉ ይደነግጣል። እነሱም ያዩትን ነገር በሚያውቁት ቃል ገለጡት። ጸሎት ለሕመምተኛ መጽናኛ ነው። ማንም ሰው ጸልዮ መድኃኒቱንም ሊወስድ ይችላል።

ዳሩ ግን ከፍርሃቱ ጉዳት መጣ። በሽታው ይጋባል ተባለ። አረፋው የነካው ሰው ይያዛል ተባለ። ስለዚህ ሰው ሲወድቅ ሌላው ሸሸ። ምድጃ ላይ የወደቀውን እንኳ ከእሳት የሚያወጣው ጠፋ። ስንቱ ሰው በዚህ የተነሣ እጁን አጣ! ስንቱ ፊቱ ተቃጠለ! በሽታው ያላደረገውን ፍርሃት አደረገው።

እስቲ ጓያን አስቡ። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ጓያን ያውቃል። ዝናም ሲጠፋና ሌላው እህል ሲያንስ ጓያ ይደርሳል። ሰው ለወራት ጓያን ብቻ ሲበላ እግሩ ይታሰራል። ያን ጊዜ ገበሬው «ጓያ ሰበረው» ይላል። ምክንያቱን ስላወቀ ልጁን ይጠብቃል፤ የተሰበረውን ሰውም አይሸሽም። እንግዲህ ምክንያትን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው ማለት ነው። ከጉዳት ያድናል፤ ሰውንም ከሰው ያስታርቃል። የሚጥል በሽታም ምክንያት አለው። እንዴት እንደ ተገኘ እንይ።

2. ዓይንና ጆሮ፣ ወረቀትና ብዕር

በ1827 በፓሪስ ከተማ ብራቬ የሚባል ወጣት ሐኪም የመመረቂያ ጽሑፉን ጻፈ። በሰውነት አንድ ወገን ብቻ የሚነሣ መንቀጥቀጥ መኖሩን ገለጸ። ከየት እንደሚመጣ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

በ1835 በእንግሊዝ አገር ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ተወለደ። ሐኪም ሆነና ወደ ለንደን ሄደ። በለንደን ለሽባዎችና ለሚጥል በሽታ ሕመምተኞች የተቋቋመ ሆስፒታል ነበር። ሥራ የጀመረው በ1860 ነው። ጃክሰን በዚያ ሆስፒታል ገብቶ ለብዙ ዓመታት ሠራ።

በዚያ ጊዜ ራጅ አልነበረም። አንጎልን የሚያሳይ መሣሪያ ምንም አልነበረም። ጃክሰን ምን ነበረው? ዓይንና ጆሮ ነበረው፤ ወረቀትና ብዕር ነበረው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሕመምተኛውንና ቤተ ሰቡን ይጠይቅ ነበር። መንቀጥቀጡ ከየት ጀመረ? ቀጥሎ ወዴት ሄደ? የት ላይ ቆመ? መልሱን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ብዙ ከጻፈ በኋላ አንድ ነገር አስተዋለ። መንቀጥቀጡ በዘፈቀደ አይዘልም። ሥርዓት አለው። ከአውራ ጣት ይነሣና ወደ መዳፍ ይሄዳል። ከመዳፍ ወደ ክንድ ይወጣል። ከዚያ ፊትን ይይዛል። በመጨረሻም ወደ እግር ይወርዳል። ልክ እንደ ወታደር ሰልፍ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ይጓዛል።

ይህ ለምን ይሆናል? የሣር ክዳን ቤቶች ያሉበትን መንደር አስቡ። ከአንዱ ቤት እሳት ቢነሣ መጀመሪያ የሚያያዘው የትኛው ነው? የቅርብ ጎረቤቱ ነው። ጃክሰንም እንዲህ ብሎ አሰበ። በአንጎል ገጽ ላይ ለአውራ ጣት የሚያዝ ቦታ አለ። ከእሱ አጠገብ ለእጅ የሚያዝ ቦታ አለ። ከዚያም ለፊት የሚያዝ፣ ለእግር የሚያዝ ቦታ አለ። እሳቱ ከአውራ ጣት ቦታ ከተነሣ በሰውነት ላይ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው አውራ ጣት ይሆናል። ከዚያ ጎረቤት ጎረቤቱን ይይዛል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአንጎል ግራ ወገን የሚያዘው የቀኝ እጅንና የቀኝ እግርን ነው። የአንጎል ቀኝ ወገን ደግሞ ግራውን ያዛል። ስለዚህ የቀኝ እጅ ሲንቀጠቀጥ እሳቱ የተነሣው በግራው አንጎል ነው።

ጃክሰን ስለዚህ ነገር በ1863 መጻፍ ጀመረ። በ1870 ሰፋ ያለ ጽሑፍ አወጣ። በሽታው ከቤቱም አልራቀም። ሚስቱ ኤልሳቤጥ ታመመችና እንዲሁ በአንድ ወገኗ የሚነሣ መንቀጥቀጥ ያዛት። በ1876 ሞተች። እስከ ዛሬ ድረስ ሐኪሞች ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በሰውነት ላይ የሚጓዘውን መንቀጥቀጥ በጃክሰን ስም ይጠሩታል።

3. የአንጎል ካርታ

ጃክሰን ያሰበው ነገር እውነት መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። በዚያው በ1870 በጀርመን አገር፣ በበርሊን ከተማ፣ ፍሪችና ሂትሲግ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች በውሻ አንጎል ላይ ሙከራ አደረጉ። ደከም ያለ ኤሌክትሪክ በአንጎሉ አንድ ቦታ ላይ ሲያስነኩ የውሻው እግር ተንቀሳቀሰ። ቦታውን ሲለውጡ ሌላ የሰውነት ክፍል ተንቀሳቀሰ። በ1873 በእንግሊዝ ፌሪየር የሚባል ሐኪም ተመሳሳይ ሙከራ አድርጎ ነገሩን አስፋፋው።

ከዚያ ወዲያ እውቀቱ ወደ ሰው ሕክምና ገባ። ቪክቶር ሆርስሊ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። የሚሠራው በዚያው ጃክሰን በሚሠራበት ሆስፒታል ነበር። በግንቦት 1886 አንድ የ22 ዓመት ወጣት ቀረበለት። ወጣቱ በልጅነቱ ራሱን ተመትቶ አንጎሉ ላይ ጠባሳ ቀርቶበት ነበር። ሆርስሊ ራሱን ከፍቶ ጠባሳውን አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሕመምተኛ መጣ። የዚህኛው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ከአውራ ጣቱ ነበር። ሆርስሊ ለአውራ ጣት የሚያዘውን የአንጎል ቦታ ከፈተ። እዚያው እጢ አገኘ።

እስቲ ይህን አስቡት። ማንም ሰው የዚያን ወጣት አንጎል በዓይኑ አላየም ነበር። ራጅ የተገኘው ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ1895 ነው። ሐኪሙ ትክክለኛውን ቦታ ያገኘው መንቀጥቀጡ ከየት እንደ ጀመረ አስተውሎ የሚናገር ሰው ስለነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ በካናዳ አገር፣ በሞንትሪያል ከተማ፣ ዋይልደር ፔንፊልድ የሚባል ሐኪም ተነሣ። ፔንፊልድ ሕመምተኛው ሳይተኛ ቀዶ ሕክምና ያደርግ ነበር። የራስ ቅል ቆዳው ብቻ ይደነዝዛል። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ፔንፊልድ በኤሌክትሪክ አንዱን ቦታ ነካ ያደርግና «ምን ተሰማህ?» ይላል። ሕመምተኛውም ይመልሳል። በዚህ ዓይነት በ1937 ከሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ የአንጎልን ካርታ አወጣ።

በካርታው ላይ ለእጅና ለአፍ የተሰጠው ቦታ በጣም ሰፊ ነው። ለጀርባ የተሰጠው ግን ጠባብ ነው። ለምን? እጅ ይፈትላል፣ ይሰፋል፣ ይጽፋል። አፍ ይናገራል። ረቂቅ ሥራ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። መንቀጥቀጡም ብዙ ጊዜ ከአውራ ጣት ወይም ከከንፈር የሚጀምረው ስለዚህ ነው።

4. የማያቆመው መንቀጥቀጥ

ብዙውን ጊዜ መንቀጥቀጡ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይቆማል። የማያቆምም አለ። በ1894 በሞስኮ ከተማ ኮዠቭኒኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን አየ። አንድ እጃቸው ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። ቀን ይርገበገባል፤ ማታም ይርገበገባል። ሳምንት ያልፋል፣ ወርም ያልፋል። ሰውየው ግን ነቅቶ ይነጋገራል። ይህ ብርቅ የሆነ በሽታ ነው። ብዙ ሐኪሞች ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥቂት ሰው ብቻ ያያሉ።

እንዲህ ያለውን ሰው ሲያዩ ያላወቁ ሰዎች ምን ይላሉ? «ሆን ብሎ ነው» ይላሉ። «ራሱን ካልሳተ ምን ሆነና?» ይላሉ። ወይም ደግሞ «ለከፈው» ይላሉ። ሁሉም ልክ አይደለም። እጁን ማቆም ቢችል ኖሮ ያቆመው ነበር። ከአንጎሉ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ቦታ ሳታርፍ ትእዛዝ ትልካለች። እጁም ይታዘዛል።

5. ከረድፉ የወጣው ድንጋይ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ያቺ ትንሽ ቦታ ምን ሆና ነው እሳት የምታነሣው?

ምክንያቱ ብዙ ነው። ራስን መመታት ጠባሳ ይተዋል። እጢ ሊኖር ይችላል። በልጅነት የያዘ የማጅራት ገትር፣ በወሊድ ጊዜ የደረሰ መታፈን፣ እነዚህም ያመጡታል። ሐኪሞች ግን ለረጅም ጊዜ ግራ የገባቸው ነገር ነበር። አንዳንዱ ሕመምተኛ አልተመታም፤ እጢም የለውም፤ በልጅነቱም አልታመመም። አንጎሉ በዓይን ሲታይ ደህና ይመስላል። ታዲያ ከየት መጣ?

መልሱ በ1971 በለንደን ታተመ። ቴይለር የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ከ10 ሕመምተኞች በቀዶ ሕክምና የወጣ የአንጎል ቁራጭ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። ማይክሮስኮፕ ትንሹን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በዓይን ያልታየው ነገር በማይክሮስኮፕ ታየ። በዚያች ቦታ ላይ የነበሩት ሕዋሳት ከመጠን በላይ ትልልቅ ናቸው። መልካቸውም እንግዳ ነው። በሥርዓት መደርደር ሲገባቸው የተዘበራረቁ ናቸው።

ሕዋስ ማለት ምንድን ነው? ግንብ በድንጋይ እንደሚሠራ ሰውነትም በሕዋስ ይሠራል። የጎንደርን የፋሲል ግንብ ያየ ሰው ያውቀዋል። ግንበኛው ድንጋዩን ረድፍ በረድፍ ይደረድራል። የሕፃን አንጎልም በእናቱ ማኅፀን ውስጥ እንዲሁ ይሠራል። የአንጎል ሕዋሳት የሚፈጠሩት ከውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ይጓዙና እያንዳንዳቸው በየረድፋቸው ይሰፍራሉ። በዚህ ጉዞ ላይ አንዳንዶቹ መንገድ ሊስቱ ይችላሉ። ከረድፋቸው ወጥተው ይቀራሉ። ግንቡ አይፈርስም። ልጁ ይወለዳል፤ ይጠባል፤ ይስቃል። ያቺ ቦታ ግን ደካማ ሆና ትኖራለች። አንድ ቀን እሳት ታነሣለች።

ይህን ሐኪሞች የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት ይሉታል።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ቃል በተለይ ለእናንተ እንናገራለን። ብዙ እናት «በእርግዝናዬ ጊዜ ምን ሠርቼ ይሆን?» እያለች ራሷን ትከሳለች። ጎረቤትም ይከሳታል። አማትም ትከሳታለች። ከ2015 ወዲህ የወጡ ጥናቶች ምን አሳዩ? በአንዳንዶቹ ልጆች ላይ ስሕተቱ የሚነሣው ልጁ ከተፀነሰ በኋላ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ነው። ከእናቱ አልወረሰውም፤ ከአባቱም አልወረሰውም። እናትየዋ ወንዝ ስለ ተሻገረች አይደለም። ቀትር ላይ ስለ ወጣች አይደለም። መርገምም አይደለም።

ይህን ጉድለት በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማየትም ተችሏል። በ1929 በጀርመን አገር ሃንስ በርገር የሚባል ሐኪም የአንጎልን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ መሥራቱን አሳወቀ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ በማግኔት ኃይል የአንጎልን ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ መጣ። ስሙ ኤም አር አይ ነው። መሣሪያው ውድ ስለሆነ በየቦታው አይገኝም።

6. መድኃኒቱ

መድኃኒትስ አለው ወይ? አዎን፣ አለው።

በ1912 በጀርመን አገር፣ በፍራይቡርግ ከተማ፣ አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። መኖሪያው ከሕመምተኞቹ ክፍል በላይ ነበር ይባላል። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሌሊት ሲያማቸው እሱም እንቅልፍ ያጣ ነበር። እንዲተኙለት ፌኖባርቢታል የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጣቸው። እነሱም ተኙ። ከዚያም በላይ በሽታው ራሱ ቀነሰላቸው። ፌኖባርቢታል እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገር ይሠራበታል። ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ መድኃኒቶችም ተገኝተዋል።

እውነቱን እንነጋገር። በአፈጣጠር ጉድለት የሚመጣው በሽታ አንዳንድ ጊዜ ለመድኃኒት ያስቸግራል። አንዱ መድኃኒት አልሆን ሲል ሐኪሙ ሌላ ይሞክራል። በአንዳንድ አገሮች ያቺን ቦታ በቀዶ ሕክምና ያወጡላቸዋል። ቢሆንም የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ መድኃኒታቸውን በየቀኑ ሲወስዱ ይሻላቸዋል። ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይማራሉ፣ ትዳርም ይይዛሉ።

7. በእኛ አገር

በ1954 በጎንደር የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የጤና ረዳቶች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከላይ የቀነስናት ዓመት ይህች ናት፤ 1947 ዓ.ም.። በ1978 ደግሞ በጀርመን አገር የላይፕዚግ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ረዳትነት በጎንደር የሐኪሞች ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ኋላም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያ ዘመን ግን የሚጥል በሽታ ያለበት የገጠር ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው እምብዛም ነበር። ስንት ሰው እንደ ታመመ እንኳ የቆጠረ አልነበረም።

ቆጠራው የተደረገው በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቹ ቤት ለቤት ሰው አሰማሩ። 60,820 ሰዎች ተጠየቁ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሆነው ተገኙ። ይህ ከ1000 ሰው ውስጥ 5 ያህል ማለት ነው። እስቲ በራሳችሁ አስሉት። በዚያው ስሌት 5000 ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ስንት ይሆናሉ? 25 ያህል ይሆናሉ። ታዲያ የት አሉ? ብዙዎቹ ጓዳ ውስጥ ናቸው። ቤተ ሰብ ደብቋቸዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ከነዚያ ከ316ቱ ሰዎች መካከል መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። መድኃኒቱ ከተገኘ 70 ዓመት አልፎታል። ወደ ገጠሩ ሰው ግን አልደረሰም ነበር። ጥናቱ በ1990 ታተመ። በዚያው ዓመት ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቹ በእናንተው አካባቢ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ ስለ ጓያ ያጠኑትን አሳትመዋል። የጓያንም የሚጥል በሽታንም ነገር የተከታተሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ቀጥሎ የጎንደር ሐኪሞች አንድ ነገር አሰቡ። ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል መምጣት ካልቻለ ሕክምናው ወደ ሕመምተኛው ይሂድ አሉ። ሐኪሟ ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቿ ከእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ጋር ሆነው በገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሉ ነርሶችን አሠለጠኑ። ነርሷ የሚጥል በሽታን ለይታ ታውቃለች። ፌኖባርቢታል ትሰጣለች። ሕመምተኛውን በቀጠሮው ትከታተላለች። የከበደውን ወደ ጎንደር ትልካለች። ስለዚህ ሥራ የተጻፉ ጥናቶች በ2002ና በ2009 ታትመዋል። ብዙ ሕመምተኛ ተሻለው። ሆኖም መንገዱ የራቀበት ሰው ቶሎ ያቋርጥ ነበር። ለዚህ ነው ሕክምናን ማቅረብ መድኃኒት ከማግኘት እኩል የሚቆጠረው።

8. የእናንተ እርሳስ

እንግዲህ አሁን የእናንተ ተራ ነው። ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ጃክሰን የሠራበት መሣሪያ ምን ነበር? ዓይንና ጆሮ፣ ወረቀትና ብዕር። ይኸው መሣሪያ ዛሬ በእናንተ እጅ አለ።

አንድ አባት እናስብ። የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ከማክሰኝት ራቅ ካለ መንደር ልጁን በበቅሎ አምጥቶ ጤና ጣቢያ ገባ። ነርሷ «ምን ሆነች?» ብትለው «ያማታል፤ ያንዘፈዝፋታል» ቢል ብዙ ነገር ይቀራል። ልጅቱ ነርሷ ፊት ስትቀመጥ ደህና ናት። እጇ አይንቀጠቀጥም። ምን ይታያል?

ነገር ግን አባትየው ከኪሱ ወረቀት አወጣ እንበል። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ተጽፎበታል፦

«ሰኞ ጧት። ከእንቅልፏ እንደ ተነሣች። የቀኝ እጇ አውራ ጣት ጀመረ። ወደ ክንዷ ወጣ። የከንፈሯ ቀኝ ጥግ ተሳበ። ታውቀኝ ነበር። 2 ደቂቃ ያህል ቆየ። እጇ እስከ ረፋድ ደከመ።»

ነርሷ ይህን ስታነብ ብዙ ታውቃለች። ነገሩ የተነሣው ከግራው አንጎል፣ እጅን ከሚያዘው ቦታ እንደሆነ ትገምታለች። ልጅቱን ወደ ጎንደር መላክ እንዳለባት ትወስናለች። ያቺ ወረቀት ከልጅቱ ጋር ትሄዳለች። የጎንደሩም ሐኪም ያነባታል። አያችሁ፣ ስምንት አጫጭር መስመር የጻፈ አባት ሐኪሙን በሥራው ረዳው።

ስለዚህ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት የሚታመም ካለ አምስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ ቀኑንና ሰዓቱን። ሁለተኛ፣ ከየትኛው የሰውነት ክፍል ጀመረ? ቀኝ ነው ወይስ ግራ? ሦስተኛ፣ ቀጥሎ ወዴት ሄደ? አራተኛ፣ ራሱን ስቶ ነበር ወይስ ይሰማ ነበር? አምስተኛ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ?

ሰውየው ሲይዘውም የምታደርጉትን እወቁ። ከእሳት፣ ከውኃና ከገደል አርቁት። ከወደቀ በጎኑ አስተኙት። ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጋቢ አድርጉለት። አፉ ውስጥ ምንም ነገር አትክተቱ፤ ማንኪያም ቢሆን፣ እንጨትም ቢሆን። በኃይል አትያዙት። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ ጭሱ አይጠቅመውም፤ እሳቱም ያቃጥለዋል። አረፋውን አትፍሩ፤ በሽታው በምራቅ አይጋባም። መንዘፍዘፉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደጋገመው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። መድኃኒት የጀመረ ሰውም ተሻለኝ ብሎ በድንገት አያቋርጥ። ድንገት ማቋረጥ በሽታውን ያስነሣል፤ ሕይወትንም ያሰጋል። የቸገራችሁ ነገር ካለ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ።

ውድ አንባብያን፣ ከአውራ ጣት ተነሥተን ረጅም መንገድ ሄደናል። ከግሪክ እስከ ለንደን፣ ከሞስኮ እስከ ቡታጅራና ጎንደር ደርሰናል። በዚህ ሁሉ መንገድ እውቀቱን ያመጡት ከታመመው ሰው ሳይሸሹ አጠገቡ ተቀምጠው ያስተዋሉ ሰዎች ናቸው። እናንተም አትሽሹ። በጓዳ የተደበቀ ልጅ ካለ አውጡት። ለወላጆቹም ይህን ገጽ አንብቡላቸው።

ከመለያየታችን በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በቡድናችሁ ተወያዩባቸው።

የግራ እጅ ቢንቀጠቀጥ የታመመው የአንጎል ወገን የትኛው ነው?

መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ከአውራ ጣት የሚጀምረው ለምንድን ነው?

በሽታው ይጋባል የሚለው ሐሳብ በሕመምተኛው ላይ ምን ጉዳት አመጣ?

በአካባቢያችሁ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እንዳይሄድ የሚያግደው ምንድን ነው? ምንስ ልታደርጉለት ትችላላችሁ?